እናቴን ይዤ ወደ አቴንስና ለንደን፦ መንቀሳቀስ ለሚያስቸግረው ሰው የውጭ አገር ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

ጥያቄ — የታሪክ መምህርቷ ልጅ

ለመድረኩ አባላት በሙሉ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እናቴ 71 ዓመቷ ሲሆን፣ ከሦስት ዓመት በፊት ባጋጠማት ስትሮክ የግራ እጇና የግራ እግሯ ደክመዋል። ቤት ውስጥ በከዘራ ትንቀሳቀሳለች፤ በደልዳላ ወለል ላይ ሳታርፍ ሠላሳ ሜትር ያህል መራመድ ትችላለች፤ ከዚያ ለሚበልጠው መንገድ ግን በእጅ የሚገፋና የሚታጠፍ ዊልቸር እንጠቀማለን። ዕድሜዋን በሙሉ ታሪክ ያስተማረች ሴት ናትና በአቴንስ ኮረብታ ላይ ያለውን ጥንታዊውን አክሮፖሊስ በዓይኗ ለማየት ከመታመሟ በፊት ጀምሮ ትመኝ ነበር። ወንድሜም ለንደን ስለሚኖር ሁለቱን ከተሞች በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ በአንድ ጉዞ ለማየት አስበናል። የወንድሜ ቤት ሊፍት የሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በመሆኑ በሁለቱም ከተሞች የምናርፈው ሆቴል ነው።

የጉዞ ወኪሉን ስጠይቅ «ምንም ችግር የለም፣ ሁሉም ነገር ምቹ ነው» አለኝ። ሁለቱ ሆቴሎችም በኢሜይል ይህንኑ መለሱልኝ። ይሁን እንጂ አምና በሌላ ጉዞ ላይ ይህንኑ ቃል የሰጠን ሆቴል ስንደርስ መግቢያው ላይ ሁለት ደረጃዎች ነበሩት፤ የመታጠቢያ ቤቱም በር ዊልቸሩን ስለማያሳልፍ እናቴ አራት ቀን ሙሉ ገላዋን ሳትታጠብ ተመለሰች። በዚያ ጉዞ ያላለቀሰችው እኔን ላለማሳዘን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያንን ዳግም እንዲደርስባት አልፈልግም። በሌላ በኩል ደግሞ እርሷ ራሷ «እየተራመድሁ ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር አልጠይቅም፤ ለባሰበት ሰው ይሁን» እያለች አስቸግራኛለች። ከየት ልጀምር?

መልስ 1 — አሥራ ሁለት ዓመት በዊልቸር

«ምቹ ነው ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት። መላሹ ሰው ብዙ ጊዜ ሊዋሽ አስቦ አይደለም፤ መግቢያው ላይ ራምፕ (በደረጃ ፈንታ የሚሠራ ተዳፋት መወጣጫ) ስላለ፣ ወይም ባለፈው ወር አንድ ዊልቸር የሚጠቀም እንግዳ አርፎ ስለሄደ ብቻ በቅን ልብ «አዎ» ይልዎታል። ያ እንግዳ ግን እናትዎ አይደሉም። ጥያቄው በሴንቲ ሜትር የሚመለስ መሆን አለበት፤ ለዚህ ደግሞ አስቀድመው የራስዎን ቁጥሮች ማወቅ ይኖርብዎታል።

ዛሬውኑ ሜትር ይያዙ። የዊልቸሩ ስፋት የሚለካው ከመቀመጫው ሳይሆን ከውጭ በኩል፣ በጎማዎቹ ላይ ካለው የእጅ መግፊያ ቀለበት እስከ ቀለበት ነው። ርዝመቱን የእግር ማሳረፊያው ተዘርግቶ፣ እናትዎም ተቀምጠው ሳሉ ይለኩ፤ ጠባብ ሊፍት ውስጥ የሚቸግረው ከስፋቱ ይልቅ ርዝመቱ ነውና። ቤታቸው ውስጥ ሰው ሳይደግፋቸው የሚነሱበትን የአልጋና የመጸዳጃ መቀመጫ ከፍታ፣ እንዲሁም የደከመው እግራቸው ሊሻገረው የሚችለውን የደፍ ቁመት ይመዝግቡ። እነዚህ ቁጥሮች ከፓስፖርቱ እኩል ተይዘው የሚጓዙ ናቸው።

ከዚያ ለሆቴሉ የሚጽፉት ደብዳቤ እንዲህ ያለ ይሁን። ከመንገዱ እስከ እንግዳ መቀበያው ድረስ ስንት ደረጃ አለ? የሊፍቱ በር ሲከፈት ስፋቱ ስንት ነው፣ ውስጡስ ጥልቀቱ? የመታጠቢያ ቤቱ በር ዘጠና ዲግሪ ተከፍቶ ሳለ በመዝጊያውና በተቃራኒው መቃን መካከል የሚቀረው ክፍት ቦታ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በጥንቃቄ መጻፍ አለበት፤ አብዛኛው ሰው የሚለካው መቃኑን ነው፤ መዝጊያው ራሱ የሚይዘው ቦታ ሲቀነስ ከመቃኑ ልክ ሦስት ወይም አራት ሴንቲ ሜትር ይጎድላል። ለማነጻጸሪያ ያህል የአሜሪካ የተደራሽነት መመዘኛ ለበር ክፍት ቦታ ቢያንስ 81.5 ሴንቲ ሜትር፣ ዊልቸር ለማዞር 152 ሴንቲ ሜትር ያህል ክብ ቦታ፣ ለመጸዳጃ መቀመጫ ከ43 እስከ 48 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያዛል፤ ራምፕም ለእያንዳንዱ አንድ ሜትር ከፍታ ቢያንስ አሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት እንዲኖረው ይጠይቃል። በአሮጌ ሕንፃዎች ውስጥ ግን የመታጠቢያ ቤት በር 60 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም።

ለእናትዎ በተለይ የሚያስፈልግ፣ ብዙ ሰው የማይጠይቀው አንድ ነገር አለ። ከመጸዳጃው አጠገብ ያለው መያዣ ብረት በየትኛው በኩል ነው? ግራ ጎናቸው የደከመ ስለሆነ፣ ተቀምጠው ሳሉ ብረቱ በቀኝ እጃቸው በኩል መሆን አለበት። በግራ በኩል ከሆነ ክፍሉ ሕጉን በሙሉ ያሟላ ቢሆን እንኳ ለእርሳቸው አይጠቅምም። መልሱን በቃል ብቻ አይቀበሉ፤ ሜትሩ በሩ ላይ ተዘርግቶ የተነሳ ፎቶግራፍ ይጠይቁ። ፎቶግራፍ ለመላክ አምስት ደቂቃ የማይሰጥ ሆቴል ስትደርሱ ምን ያህል እንደሚረዳችሁ ከወዲሁ ነግሯችኋል ብዬ አምናለሁ።

በመጨረሻም፣ ብዙ የሆቴል ክፍል ማስያዣ ድረ ገጾች ላይ የተደራሽ ክፍል ምርጫ «ጥያቄ» እንጂ ዋስትና አይደለም። ያ ክፍል በስምዎ መያዙን ሆቴሉ ራሱ በጽሑፍ ያረጋግጥልዎ።

መልስ 2 — የቀድሞ የኤርፖርት ረዳት

እኔ ለዘጠኝ ዓመታት በኤርፖርት ውስጥ መንገደኞችን በማገዝ ሠርቻለሁና ስለዚያኛው ክፍል ልጻፍ። አየር መንገዶች በየአገሩ የሚጠቀሙባቸው ሦስት የዊልቸር ኮዶች አሉ። «ደብሊው ሲ ኤች አር» ማለት መንገደኛው ደረጃ መውጣትና አውሮፕላን ውስጥ መራመድ ይችላል፣ ረጅሙ የኤርፖርት መንገድ ብቻ ነው የሚያስቸግረው ማለት ነው። «ደብሊው ሲ ኤች ኤስ» ደረጃ መውጣት ለማይችል፣ ሆኖም ከአውሮፕላኑ በር እስከ ወንበሩ ድረስ ለሚራመድ ሰው ነው። «ደብሊው ሲ ኤች ሲ» ደግሞ እስከ ወንበሩ ድረስ በጠባብ የመተላለፊያ ዊልቸር መወሰድ ለሚያስፈልገው ነው።

የጉዞ ወኪሎች «ዊልቸር» የሚል ቃል ሲሰሙ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ኮድ ያስገባሉ። ችግሩ የሚታየው አውሮፕላኑ ከሕንፃው ጋር በተያያዘው መተላለፊያ ሳይሆን ሜዳ ላይ ሲቆም ነው፤ የመጀመሪያው ኮድ ያለው መንገደኛ በአውቶቡስ ተወስዶ ሃያ የሚሆን የአውሮፕላን ደረጃ በእግሩ እንዲወጣ ይጠበቃል። ሁለተኛው ኮድ ላለው ግን ከፍ ብሎ ከአውሮፕላኑ በር ጋር የሚገጥመው የማንሻ መኪና ይታዘዛል። ከገለጹልን ሁኔታ እንደምረዳው የእናትዎ ኮድ ሁለተኛው ነው። ቲኬቱ ላይ የትኛው እንደተመዘገበ ለአየር መንገዱ ራስዎ ደውለው ይጠይቁ፤ በእያንዳንዱ በረራ ላይ፣ ሲመለሱም ጭምር መመዝገቡን ያረጋግጡ፤ በተለይ ሁለተኛው በረራ የሌላ አየር መንገድ ከሆነ መረጃው ሳይተላለፍ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ይህ እገዛ በደንብ ቁጥር 1107/2006 መሠረት ያለ ክፍያ የሚሰጥ መብት ነው፤ የሚጠበቅብዎ ከበረራው ቢያንስ 48 ሰዓት አስቀድሞ ማሳወቅ ነው። ብሪታንያም ከኅብረቱ ከወጣች በኋላ ይህንኑ ደንብ በራሷ ሕግ ውስጥ አቆይታለች። ደንቡ ሁለት የመንቀሳቀሻ መሣሪያዎች ያለ ክፍያ እንዲጫኑ ያዛል፤ ስለዚህ ዊልቸሩና ሌላ መደገፊያ ከሻንጣ ኮታችሁ ላይ አይቀነሱም።

የራሳችሁን ዊልቸር ሻንጣ በሚመዘንበት ቦታ አትስጡ። «እስከ አውሮፕላኑ በር ድረስ በራሳቸው ወንበር ይሄዳሉ፣ ስንደርስም በሩ ላይ ይመለስልን» በሉ፤ ይህ ሁልጊዜ ባይሳካም መጠየቅ አለበት። ለትራንዚት ከሦስት ሰዓት ያላነሰ ጊዜ ይምረጡ። እገዛ የሚፈልግ መንገደኛ ወደ አውሮፕላኑ ቀድሞ ይገባል፣ ሲወርድ ግን የመጨረሻው ነው፤ ሁለት መቶ ሰው እስኪወርድ ሲጠበቅ፣ ረዳቱ እስኪደርስና የጥበቃ ፍተሻው እስኪያልቅ አንድ ሰዓት ሳይታወቅ ያልፋል። የአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ትራንዚት የሚሸጥልዎ ሲስተም ይህንን አያውቅም።

መልስ 3 — ሁለት ክራንች

ይህን ለእናትዎ ያንብቡላቸው።

እኔም እንደ እርስዎ «ለባሰበት ይሁን» እል ነበር። በመጀመሪያው የውጭ አገር ጉዞዬ ዊልቸር አልጠየቅሁም፤ በትራንዚት ኤርፖርት ከአንዱ ተርሚናል ወደ ሌላው ያለውን መንገድ በክራንቼ ተጓዝሁ፤ በረራውም አላመለጠኝም። ነገር ግን ትከሻዬና መዳፌ ስለተጎዱ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት የሆቴል ጣሪያ እያየሁ አሳለፍኋቸው። አብረውኝ የነበሩት ሰዎችም እኔን ትተው መውጣት ስላልፈለጉ ሁለት ቀናቸውን አጡ። እናቴ፣ ዊልቸሩን ቢቀበሉ ከማንም ላይ የሚወስዱት ነገር የለም፤ ረዳቱ የሚመደበው በተመዘገበው ሰው ቁጥር ልክ ነውና እርስዎ አስቀድመው ሲመዘገቡ ለሌላውም ይቀላል።

መልስ 4 — ፊዚዮቴራፒስት

ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፤ ከሙያዬ አንጻር ጥቂት ልጨምር። ከስትሮክ በኋላ መራመድን የተለማመደ ሰው አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ወንበር ላይ ቢቀመጥ ያገኘውን አቅም ያጣል። ስለዚህ ዊልቸሩ መራመድን የሚተካ ሳይሆን የመራመድ አቅማቸውን የሚቆጥብላቸው መሆን አለበት። እናትዎ ሠላሳ ሜትር አላቸው፤ ያንን ሠላሳ ሜትር በየቀኑ የት እንደሚያውሉት እርሳቸው ይወስኑ። በፓስፖርት ሰልፍ ላይ ሊያውሉት ይችላሉ፤ ሊያዩት በሚመኙት ነገር ፊት ቆመው ለመራመድም ሊያቆዩት ይችላሉ። ዕቅዱ ሲወጣ ይህ ውይይት ከእርሳቸው ጋር እንጂ ስለ እርሳቸው መሆን የለበትም።

የአውሮፕላን ወንበር ሲመርጡ በአውሮፕላኑ ግራ በኩል ካሉት ወንበሮች መተላለፊያው ዳር ያለውን ይያዙላቸው፤ በዚያ ሲቀመጡ ጠንካራው ቀኝ ጎናቸው ወደ መተላለፊያው ይሆናል፣ የሚነሱትም በእርሱ በኩል ነው። የዚያ ወንበር ክንድ ማሳረፊያ ወደ ላይ የሚታጠፍ መሆኑን ይጠይቁ። የፊተኛው ረድፍ ለእግር ሰፊ ቢሆንም ክንድ ማሳረፊያው ብዙ ጊዜ የማይንቀሳቀስ ስለሆነ ለሁሉም ሰው የተሻለ አይደለም። ከመነሳታችሁ በፊት ባሉት ሳምንታት ሁለት የምግብ ጠረጴዛ ወንበሮችን አንዱን ከሌላው ኋላ ጠጋ አድርገው ያስቀምጡና በዚያ ጠባብ ቦታ ውስጥ መቀመጥና መነሳትን ያለማምዷቸው።

ከአራት ሰዓት በላይ ተቀምጦ መጓዝ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋን በእጥፍ ገደማ እንደሚጨምር የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት አሳይቷል። ለጤነኛ ሰው አደጋው መጀመሪያውኑ ትንሽ ነው፤ እግሩ ለደከመ ሰው ግን ከሐኪም ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። እግርን አጥብቆ የሚይዘው ካልሲ በሐኪም ትእዛዝና በእግራቸው ልክ ተለክቶ ይገዛ፤ ስሜቱ በቀነሰ እግር ላይ ልኩ ያልሆነ ካልሲ ሳይታወቅ ቆዳ ሊያቆስል ይችላል። ብዙ መንገደኞች ደግሞ መጸዳጃ ቤት ላለመሄድ ሲሉ ውኃ መጠጣት ያቆማሉ፤ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ይልቁንም የመተላለፊያ ዊልቸር በአውሮፕላኑ ውስጥ መኖሩን አስቀድመው ይጠይቁ። የበረራ አስተናጋጆች እስከ መጸዳጃው በር ያደርሳሉ እንጂ ውስጥ ገብተው አያግዙም፤ ያ የእርስዎ ድርሻ ይሆናል።

መድኃኒታቸው በሙሉ በእጅ ሻንጣ ውስጥ፣ በራሱ እሽግ ይሁን፤ የመድኃኒቱን የንግድ ስም ሳይሆን የንጥረ ነገሩን ስም የያዘ የሐኪም ደብዳቤም ይያዙ።

መልስ 5 — ባለ ሞተር ወንበር

ክሩን ላለማስቀየስ አንድ ጥያቄ ብቻ። የእኔ ዊልቸር የሚታጠፍና በሊቲየም ባትሪ የሚሠራ ነው። ባትሪውን ከወንበሩ ጋር ወደ ጭነት ክፍል ብልከው ይሻላል ወይስ ነቅዬ ልያዘው?

መልስ 6 — መንገደኛ

እኔ እንደሰማሁት ሊቲየም ባትሪ አደገኛ ስለሆነ ነቅለው በሻንጣ ውስጥ ጠቅልለው ወደ ጭነት ክፍል ቢልኩት ይሻላል።

መልስ 7 — የቀድሞ የኤርፖርት ረዳት

መንገደኛ የጻፉት በቅንነት ቢሆንም ተቃራኒው ነውና ማንም እንዳይከተለው እጠይቃለሁ። ከወንበሩ እንዲነቀል ተደርጎ የተሠራ የሊቲየም ባትሪ ከተነቀለ በኋላ መጓዝ ያለበት ከመንገደኛው ጋር በካቢን ውስጥ ነው፤ እሳት ቢነሳ እዚያ ይታያል፣ ይጠፋልም። ልኩ ለአንድ ባትሪ እስከ 300 ዋት ሰዓት (ባትሪው የሚይዘው የኃይል መጠን) ነው፤ ወንበሩ ሁለት ባትሪ የሚጠቀም ከሆነ እያንዳንዳቸው ከ160 ዋት ሰዓት መብለጥ የለባቸውም። ጫፎቹ በፕላስተር ይሸፈኑ፣ ባትሪውም በራሱ ከረጢት ውስጥ ይቀመጥ። ባትሪው ላይ ዋት ሰዓት ካልተጻፈ ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ ያባዙት፤ ለምሳሌ 24 ቮልትና 10 አምፔር ሰዓት 240 ዋት ሰዓት ይሆናል። ይህንን ሁሉ አየር መንገዱ አስቀድሞ ማጽደቅ ስላለበት የባትሪውን መግለጫ ወረቀት ይላኩላቸው። ትልልቅ የማይታጠፉ የሞተር ወንበሮች ያላቸው ሰዎች ደግሞ የወንበሩን ቁመት ይለኩ፤ በቦይንግ 737 ላይ የጭነት ክፍሉ በር ከፍታ ከ90 ሴንቲ ሜትር ስለሚያንስ መደገፊያው ካልታጠፈ ወንበሩ በጎኑ ተጋድሞ ይገባል፤ አብዛኛው ስብራት የሚደርሰውም በዚያ ጊዜ ነው።

መልስ 8 — አሥራ ሁለት ዓመት በዊልቸር

ስብራት ከተነሳ አይቀር በእኔ የደረሰውን ልንገራችሁ። ከአምስት ዓመት በፊት ወንበሬ ከጭነት ክፍል ሲወጣ የፊት ጎማው ተጣሞ፣ አንዱ የእግር ማሳረፊያ ጠፍቶ ነበር። ደክሞኝ ስለነበር «ነገ አመለክታለሁ» ብዬ ወጣሁ፤ በማግሥቱ ጉዳቱ ከኤርፖርት ከወጣሁ በኋላ አለመድረሱን ማስረዳት አቃተኝ። እባካችሁ ኤርፖርቱን ከመልቀቃችሁ በፊት በጽሑፍ አስመዝግቡ፤ የምዝገባውንም ቅጂ ያዙ። የአየር መንገዶችን ኃላፊነት በሚወስነው ዓለም አቀፍ የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት በሻንጣ ላይ ለደረሰ ጉዳት በሰባት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ግዴታ ነው፤ ዊልቸርም በዚህ ስምምነት እንደ ሻንጣ ይቆጠራል።

ይህ «እንደ ሻንጣ ይቆጠራል» የሚለው አሁንም ያስቆጨኛል። ከታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአየር መንገዱ ኃላፊነት ጣሪያ ለአንድ መንገደኛ 1,519 ልዩ የገንዘብ መውጫ መብት (የዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ) ሲሆን፣ ይህም ወደ 2,000 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነው። ለእናትዎ ዓይነት ወንበር ይበቃ ይሆናል፤ ለሰውነት ልክ ለተሠራ የሞተር ወንበር ግን የዋጋውን ጥቂት ክፍል እንኳ አይሸፍንም። ስምምነቱ ራሱ መውጫ አለው፤ ወንበሩን ሲያስረክቡ የዋጋውን ልዩ መግለጫ በጽሑፍ ካቀረቡ ጣሪያው ከፍ ይላል፤ ለዚያ ተጨማሪ ክፍያ ሊጠየቁ ይችላሉ።

የሚነቀለውን ሁሉ ነቅላችሁ ካቢን ውስጥ አስገቡ፤ ትራሱን፣ የእግር ማሳረፊያዎቹን፣ የጎን መከለያዎቹን። ከማስረከባችሁ በፊት ወንበሩን ከአራቱም አቅጣጫ ፎቶግራፍ አንሱት። በትልቅ ጽሑፍ፣ በእንግሊዝኛ፣ ከየት ተይዞ መነሳት እንዳለበትና እንዴት እንደሚታጠፍ የሚያሳይ ወረቀት በመቀመጫው ላይ እሰሩ፤ የጭነት ሠራተኞቹ ሊጎዱት አይፈልጉም፣ የት እንደሚያዝ ግን የሚነግራቸው ሰው የለም።

መልስ 9 — የታሪክ መምህርቷ ልጅ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ወንበሩን ለካሁት፤ ከቀለበት እስከ ቀለበት 62 ሴንቲ ሜትር ነው። የአቴንሱ ሆቴል ፎቶግራፍ ልኮልኛል፤ በሩ 74 ሴንቲ ሜትር ይከፈታል፣ መያዣው ብረት ግን በግራ በኩል ነው። ሌላ ክፍል እንዳላቸው ጠይቄአለሁ። የለንደኑ ሆቴል «ልኬት አንሰጥም» ስላለኝ ተውሁት። አሁን ስለ ከተሞቹ ራሳቸው የሚያውቅ ሰው ቢጽፍልኝ ደስ ይለኛል። እናቴ ደግሞ አንድ ደሴት ለማየት፣ በተለይም ሳንቶሪኒን፣ ጠይቃለች።

መልስ 10 — ሁለት ክራንች

ሁለቱንም ከተሞች አይቻቸዋለሁ። በአክሮፖሊስ ሰሜናዊ ገደል ላይ መንቀሳቀስ ለሚያስቸግራቸው ሰዎች አዲስ ሊፍት የተተከለው በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በዚያው ጊዜ ኮረብታው አናት ላይ በሲሚንቶ የተሠራ መንገድ ተዘርግቷል። መንገዱ ጥንታዊውን ዐለት ሸፈነ ተብሎ ብዙ ክርክር አስነስቶ ነበር፤ ዐለቱ ግን ተሸርሽሮ እንደ መስታወት የሚያንሸራትት ስለሆነ እኔ በክራንቼ በዚያ ላይ ቆሜ ጥንታዊውን የፓርተኖን ቤተ መቅደስ ያየሁት በዚያ መንገድ ምክንያት ብቻ ነው። ሊፍቱ ኃይለኛ ነፋስ ሲኖር አይሠራም፤ ስለዚህ ለአክሮፖሊስ አንድ ቀን ብቻ አትመድቡ፣ በዚያው ጠዋትም ደውላችሁ ጠይቁ። ሐምሌና ነሐሴን ሽሹ፤ በ2023 እና በ2024 እ.ኤ.አ. የበጋ ሙቀት ወቅት ቦታው ከቀትር ጀምሮ ለሰዓታት የተዘጋባቸው ቀናት ነበሩ። ከኮረብታው ግርጌ ያለው በ2009 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ሙዚየም ሊፍትና ሰፊ ወለል ስላለው ነፋስ ላለበት ቀን ጥሩ መተኪያ ነው። የአቴንስ ሜትሮ መስመር 2 እና 3 ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከፈቱ በመሆናቸው ጣቢያዎቻቸው ሊፍት አላቸው። የእግረኛ መንገዶቹ ግን ጠባብና የተሰባበሩ ናቸው፤ በአሮጌው የፕላካ ሰፈር ውስጥ ወንበር መግፋት ብርቱ ክንድ ይጠይቃል።

በለንደን የምድር ውስጥ ባቡሩ ሥራ የጀመረው በ1863 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ከጣቢያዎቹ ደረጃ የሌለባቸው አንድ ሦስተኛ ያህሉ ብቻ ናቸው። በካርታው ላይ ሁለት ዓይነት የዊልቸር ምልክቶች አሉና ልዩነታቸውን አስተውሉ፤ ሰማያዊው ከመንገድ እስከ ባቡሩ ውስጥ ድረስ ደረጃ የለም ማለት ሲሆን፣ ነጩ ግን እስከ መሳፈሪያው ብቻ ነው፤ ከመሳፈሪያው ወደ ባቡሩ ክፍተት ወይም እርከን ሊኖር ይችላል። በ2022 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የኤልሳቤጥ የባቡር መስመር በ41 ጣቢያዎቹ በሙሉ እስከ መሳፈሪያው ደረጃ የለውም፤ ወደ ሂትሮው ኤርፖርትም ይደርሳል። ለእናትዎ ግን አውቶቡሱን እመርጣለሁ። ሁሉም የከተማው አውቶቡሶች ዝቅ ያለ ወለልና ራምፕ አላቸው፤ ጥቁሮቹ ታክሲዎችም በሙሉ ዊልቸር እንዲያስገቡ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ከፓርተኖን የተወሰዱት ቅርጻ ቅርጾች ያሉት በብሪቲሽ ሙዚየም 18ኛው አዳራሽ ውስጥ ነው፤ መግቢያው በነጻ ሲሆን በዋናው በር ደረጃዎች ጎን ሊፍት አለ። የታሪክ መምህርት ሁለቱን በአንድ ጉዞ ሲያዩ ምን እንደሚሉ ብሰማ ደስ ባለኝ ነበር።

ሳንቶሪኒን ግን ይተዉት። የመዝናኛ መርከቦች እዚያ ወደብ ላይ ስለማይጠጉ መንገደኛው ባሕር ላይ ወደ ትንሽ ጀልባ ይሸጋገራል፤ ማዕበል ካለ ያ ለተራማጅም ያስፈራል። ከተማዎቹም በገደል ላይ የተሠሩ ባለ ብዙ ደረጃ ናቸው። ከአቴንስ የፒሬየስ ወደብ ወደ ኤጊና ደሴት የሚሄዱት መኪና የሚጭኑ ጀልባዎች ግን ሰፊ የብረት መወጣጫ ስላላቸው ወንበሩ በእርሱ ላይ ይገባል። ወደ ላይኛው የመንገደኞች ክፍል ሊፍት ያለው ጀልባ የትኛው እንደሆነ ቲኬት ሳትቆርጡ ጠይቁ፤ እገዛ የሚፈለግ ከሆነም ከ48 ሰዓት በፊት ይነገራቸው።

መልስ 11 — ፊዚዮቴራፒስት

አንድ የረሳነው ነገር የጉዞ መድን ነው። ውሉ ውስጥ «አስቀድሞ የነበረ ሕመም» የሚለውን ክፍል ፈልገው ያንብቡ፤ ስትሮኩ ካልተገለጸ ከእርሱ ጋር በተያያዘ የሚደርስ ማንኛውም ሕክምና ላይከፈል ይችላል። ግሪክ ለመግባት ለሚያስፈልገው የሸንገን ቪዛ የሚጠየቀው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መድን ለንደንን አያካትትም፤ ሁለቱም አገሮች በስም ተጠቅሰው ይጻፉ።

መልስ 12 — የታሪክ መምህርቷ ልጅ

የደረስንበትን ላሳውቃችሁ። የአቴንሱ ሆቴል በሌላ ፎቅ ላይ የመጀመሪያው ክፍል ተገላቢጦሽ የሆነ ክፍል እንዳለው ነገረኝ፤ ብረቱ በቀኝ በኩል መሆኑን የሚያሳይ ፎቶግራፍም ላከልኝ፤ ያንን ክፍል በስማችን በጽሑፍ አረጋግጦልናል። ለንደን ውስጥ የጻፍሁለት ሌላ ሆቴል በአንድ ቀን ውስጥ ዘጠኙንም ጥያቄዎቼን በቁጥር መለሰ፤ በሩ 82 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ገላ መታጠቢያውም ገንዳ ሳይሆን ደፍ የሌለው ሻወር ከነመቀመጫው ነው። የምንጓዘው በመስከረም አጋማሽ ሲሆን ለአክሮፖሊስ ሁለት ጠዋቶች መድበናል። አቴንስ ከደረስን በኋላ ያለው የመጀመሪያ ቀን ምንም አልተያዘበትም።

የሁለት ክራንችን መልስ ለእናቴ አነበብሁላት፤ ዝም ብላ ከቆየች በኋላ ደግሜ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። ዊልቸሩን ተቀብላለች። ሠላሳ ሜትሯን ከሊፍቱ መውጫ ወደ ፓርተኖን ለመራመድ እንደምታቆየው ነግራኛለች፤ ርቀቱ ከሠላሳ ሜትር ስለሚበልጥ ወንበሩን ይዤ ከኋላዋ እከተላለሁ። በየማታው በሁለቱ የጠረጴዛ ወንበሮች መካከል መቀመጥና መነሳት እንለማመዳለን። አየር መንገዱ ኮዱን በመሄጃው በረራ ላይ አስተካክሎታል፤ በመመለሻው ላይ ግን አሁንም የመጀመሪያው ኮድ ስለተጻፈ ሰኞ ጠዋት እደውላለሁ።